ሩቢክ ኪዩብን ከሃያ ሰከንድ በታች ለመፍታት

ሩቢክ ኪዩብን በአንድ ደቂቃ የሚፈታ ሰው በሃያ ሰከንድ ከሚፈታው የሚለየው በጣቶቹ ፍጥነት እንደሆነ ብዙዎች ያስባሉ፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፈጣን ዘዴ አንድን ኪዩብ ለመፍታት 60 ያህል ሽክርክሪት ይፈልጋል። በሰከንድ ሦስት ጊዜ ማዞር ደግሞ ጥቂት ወራት የተለማመደ ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ነው። ስልሳን ለሦስት ብናካፍል ሃያ ሰከንድ ይመጣል። እጁ ይህን ያህል እየቻለ አንድ ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ቀሪዎቹን አርባ ሰከንዶች የሚያጠፋው እጁን አቁሞ ቀጣዩን ቁራጭ በዓይኑ ሲፈልግ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምሰጠው ምክር ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ እርሱም እጅ ሥራ ላይ ሳለ ዓይን ቀድሞ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ጽሑፉ በዋናነት የታሰበው ኪዩቡን ከታች ወደ ላይ በደርብ በደርብ እየሠሩ መፍታት ለቻሉ፣ ነገር ግን ሰዓታቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አልወርድ ላላቸው አንባቢዎች ነው። ገና ፈትተው የማያውቁም ቢሆኑ ከዚህ በታች ያሉትን ቀመሮች በትዕግሥት ከተከተሉ ይደርሱበታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ግን ስለ ሰዓት ባያስቡ ይሻላል።

የዕቃው ጠባይ

ኪዩቡን እ.ኤ.አ. በ1974 የፈጠረው በቡዳፔስት የሥነ ሕንፃ መምህር የነበረው ሃንጋሪያዊው ኤርኖ ሩቢክ ነው። ከውጭ የሚታዩት ቁራጮች 26 ናቸው፦ ስድስት መሃሎች፣ ዐሥራ ሁለት ጠርዞችና ስምንት ማዕዘኖች። መሃሎቹ ከውስጥ ካለው አጽም ጋር የተያያዙ በመሆናቸው በያሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ ቦታ አይለዋወጡም፤ ነጭ ሁልጊዜ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ከአረንጓዴ፣ ቀይ ከብርቱካናማ ጀርባ ለጀርባ ነው። የአንድን ገጽ ቀለም የሚወስነው መሃሉ ነው። ጠርዝ ሁለት ቀለም፣ ማዕዘን ደግሞ ሦስት ቀለም ይዞ ይንቀሳቀሳል። ይህን ጠንቅቆ ማወቅ የሚጠቅመው፣ በፍጥነት የሚፈታ ሰው ሃምሳ አራት ባለ ቀለም ካሬዎችን ሳይሆን ሃያ ተንቀሳቃሽ ቁራጮችን ስለሚያይ ነው። «አረንጓዴውን ልፈልግ» ማለት ትቶ «አረንጓዴና ብርቱካናማ ያለበት ጠርዝ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የጀመረ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ኪዩቡ ሊይዛቸው የሚችላቸው አቀማመጦች 43,252,003,274,489,856,000 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውም አቀማመጥ ከ20 በማይበልጥ ሽክርክሪት ሊፈታ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒውተር ስሌት ተረጋግጧል። ሰው ግን ያንን አጭር መንገድ በሰከንዶች ውስጥ ማግኘት ስለማይችል፣ ረዘም ያለ ቢሆንም ደረጃ በደረጃ የሚታወቅ መንገድ ይከተላል። ለአብዛኞቹ ፈጣን ፈቺዎች ይህ መንገድ ሲኤፍኦፒ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ጄሲካ ፍሪድሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢንተርኔት ላይ ካወጣችው ጽሑፍ ወዲህ በስፋት ስለታወቀ በስሟም ይጠራል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ የታችኛው መስቀል፣ የሁለቱ ደርቦች ጥንዶች፣ የላይኛውን ደርብ ቢጫ ማድረግ፣ በመጨረሻም የላይኛውን ደርብ ቁራጮች ወደየቦታቸው መመለስ።

ስለ ኪዩቡ ጥራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲያዞሩት የሚንቀረፈፍ ወይም ትንሽ ተዛንፎ ከቆመ አልዞርም የሚል ከሆነ ጣት የሚማረው ጉልበት መጠቀምን ብቻ ነው። ዛሬ ለፍጥነት የሚሠሩት ኪዩቦች በውስጣቸው ትንንሽ ማግኔቶች ስላሏቸው እያንዳንዱ ዙር በቦታው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከመሃሎቹ ክዳን ሥር ያሉትን ብሎንና ሞላ በማላላት ወይም በማጥበቅም እንደ እጅዎ ጠባይ ማስተካከል ይቻላል። ከመጠን በላይ ከላላ ግን ቁራጭ ሊፈናጠር ወይም አንድ ማዕዘን በቦታው ሊጠመዘዝ ይችላል። ያን ጊዜ የተፈናጠረውን እንደተገኘ መልሶ መክተት አይበቃም፤ ተበትኖ በዘፈቀደ የተገጠመ ኪዩብ ሊፈታ የሚችልበት ዕድል ከዐሥራ ሁለት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ፈትቶ ሲያበቃ አንድ ማዕዘን ብቻ ተጣሞ ያገኘ ሰው ስሕተቱ የእርሱ እንዳልሆነ ይወቅ።

የሽክርክሪቶቹ አጻጻፍ

በዓለም ዙሪያ ሽክርክሪቶች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ ቀኙ አር፣ ግራው ኤል፣ ላዩ ዩ፣ ታቹ ዲ፣ ፊቱ ኤፍ፣ ኋላው ቢ ይባላል። እዚህ ግን ለንባብ እንዲቀል በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ፦ ቀ ቀኙን፣ ግ ግራውን፣ ላ ላዩን፣ ታ ታቹን፣ ፊ የፊቱን፣ ኋ የኋላውን ገጽ ያመለክታል። ፊደሉ ብቻውን ከቆመ ያንን ገጽ ፊት ለፊት ቢያዩት ኖሮ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ ከጎኑ ጭረት ካለ፣ ለምሳሌ ቀ' ከሆነ፣ በተቃራኒው ሩብ ዙር ነው፤ 2 ከተከተለው ግማሽ ዙር ነው።

አጻጻፉ በትክክል እንደገባዎ የሚያረጋግጡበት ቀላል ፈተና አለ። የተፈታ ኪዩብ ይያዙና ቀ ላ ቀ' ላ' የሚለውን ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። ኪዩቡ መሃል ላይ ሙሉ በሙሉ የተመሰቃቀለ ይመስላል፤ ስድስተኛው ዙር ሲያልቅ ግን እንደነበረ ይመለሳል። ካልተመለሰ አንዱን አቅጣጫ ተሳስተዋል ማለት ነው። ይህች አራት ሽክርክሪት ያላት ቀመር በኋላ በብዙ ቦታ ስለምትመጣ፣ እጅዎ ያለ ሐሳብ እስኪያወጣት ድረስ በትርፍ ጊዜዎ ሁሉ ቢደጋግሟት አይከስሩም።

መስቀሉ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሲማር ነጩን መስቀል ከላይ ሠርቶ ከዚያ ኪዩቡን ይገለብጣል። ይህ ልማድ መተው አለበት። መስቀሉ ከታች ሲሠራ ቀሪዎቹ ቁራጮች በሙሉ በዓይንዎ ፊት ስለሚሆኑ ለቀጣዩ ደረጃ ፍለጋ መጀመር ይችላሉ፤ ከላይ ሲሠራ ግን መገልበጡ ራሱ ያዩትን ሁሉ ያስረሳል።

ነጩን ወደ ታች፣ ቢጫውን ወደ ላይ፣ አረንጓዴውን ወደ ፊት አድርገው ሲይዙ በቀኝ ብርቱካናማ፣ በኋላ ሰማያዊ፣ በግራ ቀይ ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል በቃል መያዝ ግድ ነው፤ ምክንያቱም አራቱን ነጭ ጠርዞች አንድ በአንድ ከየመሃላቸው ጋር ማግጠም አያስፈልግም። እርስ በርሳቸው በትክክለኛ ተራ ከተቀመጡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ከመሃሎቹ ቢራራቁ እንኳ፣ ታችኛውን ደርብ አንድ ጊዜ ማዞር አራቱንም በአንዴ ያገጥማቸዋል። በዚህ መንገድ የሚያስብ ሰው መስቀሉን ብዙውን ጊዜ በስድስት ወይም በሰባት ሽክርክሪት ይጨርሳል፤ ማንኛውም መስቀል ቢሆን ከስምንት በላይ አይፈልግም።

በውድድር ላይ ሰዓት ከመጀመሩ በፊት የኪዩቡን ገጾች ሳያዞሩ ለመመርመር 15 ሰከንድ ይሰጣል። ይህ ጊዜ መስቀሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአእምሮ ለመሥራት የሚውል ነው። ልምምዱም ቀላል ነው፦ ኪዩቡን ያመሰቃቅሉ፣ ያለ ሰዓት ገደብ የፈለጉትን ያህል ይመልከቱ፣ ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው መስቀሉን ይሥሩና ዓይንዎን ይክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ጠርዝ ብቻ ይዞ መገኘት ያለ ነገር ነው፤ ሁለቱን አስተማማኝ ካደረጉ በኋላ ሦስተኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን ይጨምሩ። ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም በቀን ዐሥር ጊዜ የሠራ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ዓይኑን ሲከፍት የተሟላ መስቀል እያየ ይደነቃል። የጨፈነ ሰው እያንዳንዱ ሽክርክሪት ሌሎቹን ቁራጮች የት እንደሚያደርሳቸው በሐሳቡ ለመከተል ስለሚገደድ፣ እኔ ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ ይህን የሚያህል ጠቃሚ አላገኘሁም።

ጥንዶቹ

የፈቺው ጊዜ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ የተማሩት ዘዴ ነጮቹን ማዕዘኖች አስቀድሞ አስገብቶ ከዚያ የመሃል ደርብ ጠርዞችን ለየብቻ ያስገባል። በፈጣኑ ዘዴ አንድ ማዕዘንና ከእርሱ በላይ የሚቀመጠው ጠርዝ ላይኛው ደርብ ውስጥ ተገናኝተው አንድ ላይ ይገባሉ፤ ስምንት ፍለጋ ወደ አራት ይወርዳል ማለት ነው። ሁለቱ ሊገኙባቸው የሚችሉ አቀማመጦች 41 ቢሆኑም እነዚህን እንደ ግጥም መሸምደድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት መሠረታዊ አገባቦችን በደንብ የተረዳ ሰው የቀሩትን ወደ እነዚያ እያመጣ ይሠራቸዋል፤ የሸመደደ ሰው ግን ቁራጮቹ በኋላ በኩል ሲገኙ ወይም ሌላ ክፍተት ውስጥ ሲደበቁ ይጠፋበታል።

የመጀመሪያውን አገባብ ቀስ ብለን እንመልከት። የተፈታውን ኪዩብ ቢጫው ወደ ላይ፣ አረንጓዴው ወደ ፊት፣ ብርቱካናማው ወደ ቀኝ አድርገው ይያዙና ቀ ላ' ቀ' ይሥሩ። አሁን በፊትና በቀኝ መካከል ያለው ክፍተት የራሱ የሆኑትን ሁለት ቁራጮች አጥቷል። የእርሱ ማዕዘን ልክ ከክፍተቱ በላይ ቆሟል፤ ነጩ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴው ወደ ፊት፣ ብርቱካናማው ወደ ላይ ይመለከታል። ጠርዙ ደግሞ በላይኛው ደርብ በኋላ በኩል ነው፤ አረንጓዴው ወደ ላይ፣ ብርቱካናማው ወደ ኋላ ዞሯል። አሁን ቀ ብቻ አዙረው ይቁሙ። ማዕዘኑ ወደ ኋላ ተሻግሮ ከጠርዙ ጎን ገጥሟል፤ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካናማ አጠገብ ሆነው ሁለቱ አንድ ቁራጭ ይመስላሉ። በዚያው ቅጽበት ክፍተቱም ከታች ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቷል። ላ ሲያዞሩ ጥንዱ ወደ ክፍተቱ ይገባል፤ ቀ' ደግሞ ይዞት ይወርዳል። ሦስት ሽክርክሪት ናት፤ በእያንዳንዷ ላይ ቆመው ዐሥር ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ቀመሩን ሊረሱት አይችሉም፤ ምክንያቱን አይተውታልና።

ሁለተኛው አገባብ ጥንዱ ቀድሞ ተገናኝቶ ሲገኝ ነው። ከተፈታ ኪዩብ ላይ ቀ ላ ቀ' ላ' ቢሠሩ ያገኙታል፦ ማዕዘኑ ከክፍተቱ በላይ ሆኖ ነጩ ወደ ፊት ያያል፣ ጠርዙም በቀኝ ጎኑ ተለጥፎ ሁለቱም አረንጓዴያቸውን ወደ ላይ አድርገዋል። የሚገባው በ ላ ቀ ላ' ቀ' ነው። መጀመሪያ ጥንዱ ከመንገድ ገለል ይላል፤ ቀጥሎ ክፍተቱ ይነሣል፤ ጥንዱ ይመለስና ይገባል፤ በመጨረሻም አብረው ይወርዳሉ። ሁለቱንም አገባቦች በግራ እጅ በመስታወት እንደሚታይ አድርገው ግልባጩን ይለማመዱ። ቀኝ እጁን ብቻ የሚጠቀም ሰው በየጥንዱ ኪዩቡን ማዟዟር ይኖርበታል፤ ኪዩቡ በዞረ ቁጥርም ዓይን የያዘውን ይለቃል።

ሌሎቹን አቀማመጦች ወደ እነዚህ ለማምጣት የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። ነጩ ወደ ጎን የሚያይ ከሆነ የማዕዘኑንና የጠርዙን የላይ ቀለም ያነጻጽሩ። የተለያዩ ከሆኑ ወደ መጀመሪያው አገባብ፣ ተመሳሳይ ከሆኑ ወደ ሁለተኛው ይወስዷቸዋል። ነጩ ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ጎን እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ማዕዘኑን ወደ ክፍተቱ አውርዶ ጠርዙን ከላይ በማንቀሳቀስ መልሶ ማውጣት ነው። ገና ያልሞሉ ክፍተቶች የእርስዎ መሥሪያ ቦታ ናቸው፤ የሚበላሽ ነገር ስለሌለባቸው ያለ ስጋት ያዙሯቸው። ከቁራጮቹ አንዱ የማይገባው ክፍተት ውስጥ ተቀርቅሮ ከሆነ በቀላሉ በሦስት ሽክርክሪት ያወጡታል፤ ብልህነቱ ግን ሲያወጡት ወዲያው ከጓደኛው ጋር እንዲገናኝ ጓደኛውን አስቀድሞ በተመቸ ቦታ ማቆሙ ላይ ነው።

እኔ በዚህ ደረጃ ላይ ለወራት ቆሜ ነበር። ሰዓቴ ከ35 ሰከንድ አልወርድ ሲለኝ ጣቶቼን አፈጠንሁ፤ የሆነው ግን ጥንዱን በአንድ ሰከንድ አስገብቼ ቀጣዩን ለማግኘት ሦስት ሰከንድ መቆም ነበር። መፍትሔው ሆኖ ያገኘሁት ከተቃራኒው አቅጣጫ የመጣ ነው፤ እጄን ሆነ ብዬ አዘገየሁ። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ ሜትሮኖም ከፍቼ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሽክርክሪት እየሠራሁ፣ ያለ ምንም ማቋረጥ ከመስቀሉ እስከ አራተኛው ጥንድ መድረስን ዓላማ አደረግሁ። እጅ በዚህ ዝግታ ሲሄድ የያዙትን ጥንድ መመልከት አያስፈልግም፤ የት እንደሚደርስ ይታወቃልና ዓይን ነጻ ሆኖ ቀጣዩን ይፈልጋል። ምቱ ሳይቋረጥ መድረስ ሲቻል ፍጥነቱን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ፣ ከተቋረጠ ደግሞ መልሶ ዝቅ ማድረግ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 26 ሰከንድ ወረድሁ፤ ጣቶቼ ግን ከበፊቱ በምንም አልፈጠኑም ነበር።

የላይኛው ደርብ

ሁለቱ ደርቦች ካለቁ የቀረው በቃል የተያዘ ቀመር ነው። ሙሉው ዘዴ ላዩን ቢጫ ለማድረግ 57፣ ቁራጮቹን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ደግሞ 21 ቀመሮች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ኦኤልኤል፣ ሁለተኛዎቹ ፒኤልኤል ይባላሉ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ለመሸከም መሞከር ሰውን ያደክማል። እያንዳንዱን ደረጃ ለሁለት ከፍሎ በጥቂት ቀመሮች መሥራት ከሃያ አምስት ሰከንድ በታች ለመውረድ ከበቂ በላይ ነው።

በቅድሚያ ቢጫውን መስቀል እንሠራለን። ቢጫ ጠርዞቹ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ሠርተው ከተገኙ ፊ ቀ ላ ቀ' ላ' ፊ' ይበቃል፤ ከኋላና ከግራ ሆነው ማዕዘን ከሠሩ ፊ ላ ቀ ላ' ቀ' ፊ' ነው። መሃሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ አንደኛውን ሠርተው የሚመጣውን ማዕዘን ወደ ኋላና ግራ አዙረው ሁለተኛውን ይጨምራሉ።

ለማዕዘኖቹ አንዲት ቀመር ትበቃለች፤ ስሟ ሱኔ ነው፦ ቀ ላ ቀ' ላ ቀ ላ2 ቀ'። ወደ ላይ ቢጫ የሆነው ማዕዘን አንድ ብቻ ከሆነ እርሱን ወደ ፊትና ግራ ያምጡት፤ ከአጠገቡ በቀኝ ያለው ማዕዘን ቢጫውን ወደ ፊት ካሳየ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ያልቃል፤ ካልሆነ አንዱን ቢጫ ማዕዘን እንደገና ወደዚያው ቦታ አምጥተው ይደግሙታል። አንድም ቢጫ ከሌለ የፊትና ግራው ማዕዘን ቢጫውን ወደ ግራ፣ ሁለት ቢጫ ካለ ደግሞ ያው ማዕዘን ቢጫውን ወደ ፊት እንዲያሳይ አድርጎ መጀመር ነው።

ከዚያ ወደ ቦታ መመለሱ ይቀጥላል። ላይኛውን ደርብ ዙሪያውን ሲያዩ በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ ማዕዘኖች አንድ ዓይነት ቀለም ካሳዩ ያንን ጎን ወደ ግራ አድርገው ቲ የምትባለውን ቀመር ይሠራሉ፦ ቀ ላ ቀ' ላ' ቀ' ፊ ቀ2 ላ' ቀ' ላ' ቀ ላ ቀ' ፊ'። በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ታለዋውጣለች፤ የግራውንና የቀኙን ጠርዝም እንዲሁ። ተመሳሳይ ማዕዘኖች ያሉበት ጎን ጨርሶ ከሌለ አንድ ጊዜ ከየትኛውም ጎን ይሥሯት፤ ከዚያ በኋላ ይገኛል። ይህችን ቀመር በተፈታ ኪዩብ ላይ ሁለት ጊዜ መሥራት ወደነበረበት ስለሚመልሰው፣ ኪዩብ ሳያመሰቃቅሉ ለመለማመድ ከሁሉ የምትመች ናት።

የቀሩት ጠርዞች ናቸው። በትክክል የተቀመጠውን ጎን ወደ ኋላ አድርገው ቀ2 ላ ቀ ላ ቀ' ላ' ቀ' ላ' ቀ' ላ ቀ' ይሥሩ፤ ሦስቱ ጠርዞች በዙር ይቀያየራሉ። አቅጣጫው ካልተስማማ አንድ ጊዜ ሲደገም ይስተካከላል። አራቱም ጠርዞች የተሳሳቱ ከሆኑ አንድ ጊዜ ከሠሩት በኋላ አንዱ ቦታውን ይይዝና ወደ ሦስቱ ይመጣል። ይህን ቀመር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገለበጡ፣ ጭረት ያለውን ያለ ጭረት፣ የሌለውን በጭረት ቢያነቡት በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያዞረውን ያገኛሉ፤ እርሱን በተጨማሪ መያዝ ድግግሞሹን ያስቀራል።

ወደ ሙሉው ዝርዝር ለመሸጋገር ሲወስኑ ከ21ዱ ይጀምሩ፤ ከ57ቱ አይጀምሩ። 21ዱ በእያንዳንዱ አፈታት ላይ በሙሉ ጥቅም ይሰጣሉ፤ ከመካከላቸውም አሥራ ስድስቱ እያንዳንዳቸው ከ18 አንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ ኢ እና ዚ የሚባሉት ከ36 አንድ ጊዜ፣ ኤች እና ሁለቱ ኤኖች ግን ከ72 አንድ ጊዜ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ኤኖች፣ ረጅምም አስቸጋሪም ስለሆኑ፣ መጨረሻ ላይ ቢማሯቸው የሚያጡት ነገር የለም። በሳምንት ሁለት አዳዲስ ቀመር ልከኛ መጠን ነው። አንድን ቀመር ተምሬዋለሁ ማለት የሚቻለው ደግሞ በወረቀት ላይ ሳያዩ መሥራት ሲቻል ሳይሆን፣ በእውነተኛ አፈታት መሃል አቀማመጡን አይቶ እጅ ሳይቆም ሲጀምረው ነው።

የጣቶች አሠራር

ሁለቱን አውራ ጣቶች በፊት ገጽ ላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች በኋላ ገጽ ላይ አድርገው ይያዙ። ላይኛውን ደርብ በክንድ አያዙሩት፤ ላ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ከኋላ በኩል ሲስበው፣ ላ' የግራ እጅ አመልካች ጣት ሲስበው የሚሠራ ነው። ላ2 በአመልካችና በመሃል ጣት ተከታትሎ በመሳብ ይሠራል። የእጅ አንጓ የሚያዞረው ቀኝና ግራውን ብቻ ነው። ቀመር ሲማሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየትኛው ጣት እንደሚሠራ አብረው ይማሩ፤ በመጥፎ አያያዝ ለአንድ ወር የተደጋገመ ቀመርን ማስተካከል አዲስ ከመማር ይልቅ ይከብዳል፤ ይህን የምለው የቲን ቀመር ሁለት ጊዜ መማር ስለነበረብኝ ነው።

አለካክ

ሰዓት ሲለኩ የአንድ አፈታትን ውጤት ብዙ አይመኑት። በውድድር የሚሠራበት አለካክ ልምምድንም በትክክል ያሳያል፦ አምስት ጊዜ ይፈታል፣ ከሁሉ የፈጠነውና ከሁሉ የዘገየው ይወጣል፣ የሦስቱ መካከለኛ ውጤቶች አማካይ ይያዛል። በአንድ ዕድለኛ አፈታት 19 ሰከንድ ያየ ሰው አማካዩ 27 ከሆነ የ27 ሰከንድ ፈቺ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት አፈታቶችን በስልክ ቪዲዮ ቀርጸው ይመልከቱ፤ እጅዎ የቆመባቸውን ቅጽበቶች ብቻ ይቁጠሩ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚለማመዱት ያ ከሁሉ የበዛው ማቆሚያ የሚገኝበትን ደረጃ ነው። መስቀሉን እንደጨረሱ ቆመው ከሆነ የመጀመሪያውን ጥንድ በምርመራው ጊዜ ማየት ይልመዱ፤ በጥንዶቹ መካከል ከሆነ ወደ ሜትሮኖሙ ይመለሱ፤ በላይኛው ደርብ ላይ ከሆነ የቀመር መለየት ልምምድ ያስፈልግዎታል።

የዚህ ሁሉ ጥረት ድንበር የት እንደደረሰ ለማወቅ ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በቡዳፔስት በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሚን ታይ ያሸነፈው በ22.95 ሰከንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ማክስ ፓርክ አንድን ኪዩብ በ3.13 ሰከንድ ፈትቶ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ በቤቱ ተቀምጦ በትክክለኛ መንገድ ለአንድ ዓመት የተለማመደ ሰው የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮን ውጤት ማለፍ ይችላል።

ወደ ውድድር ለመሄድ ያሰበ ሰው ሦስት ደንቦችን በልምምዱ ውስጥ ቢያስገባ ይበጀዋል። የምርመራው 15 ሰከንድ ካለፈ በኋላ እስከ 17 ድረስ የጀመረ ሰው 2 ሰከንድ ይጨመርበታል፤ ከ17 ካለፈ አፈታቱ አይቆጠርለትም። ሰዓቱ የሚነሣው በሰዓት መቁጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያረፉት ሁለት እጆች ሲነሡ ነው፤ የሚቆመው ደግሞ ኪዩቡን ለቅቆ ሁለቱንም እጅ ሰሌዳው ላይ በማሳረፍ ነው። የመጨረሻው ደርብ ከ45 ዲግሪ በላይ ተዛንፎ ከቀረ ደግሞ ሌላ 2 ሰከንድ ይጨመራል፤ ስለዚህ በቤትዎም ሲለማመዱ የመጨረሻዋን የላይኛው ደርብ ሽክርክሪት እስከ ቦታዋ ሳያደርሱ እጅዎን ከኪዩቡ አያንሡ።